መርፌ ይዘው ወደ በረዶው ባሕር የሄዱ ሴቶች

የሰሜንና የደቡብ ዋልታን ለማሰስ ስለተደረጉ ጉዞዎች የተጻፈውን ያገላበጠ ሰው በየገጹ የሚያገኘው የወንድ ስም ነው። ናንሰን፣ ፒሪ፣ አሙንድሰን፣ ስኮት፣ ሻክልተን። ጢማቸው ላይ በረዶ የተንጠለጠለ፣ ዓይናቸው ሩቅ የሚመለከት ጀግኖች። እነዚህን ጀግኖች ማን አለበሳቸው? በዚያ ብርድ እግራቸው ያልተቆረጠው ማን በሰፋው ጫማ ነው? ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። በዚህ ሳምንት ለውድ አንባብያን የምናቀርበው ታሪክ ከዚሁ ጥያቄ ይነሣል።

ሁለት ሴቶች፣ በስምንት ዓመት ልዩነት፣ ከአላስካ ተነሥተው በመርከብ ወጡና ሁለቱም አንዲት ሰው አልባ ደሴት ላይ ደረሱ። ሁለቱም የተቀጠሩት ለስፌት ነበር። ከአሳሾቹ ተራ የቆጠራቸው ሰው አልነበረም። በዙሪያቸው ወንዶቹ ሲረግፉ ሁለቱም በሕይወት ወጡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ደሴቲቱ ራንግል ትባላለች። ከሳይቤሪያ በስተ ሰሜን 140 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በበረዶ በተከበበ ባሕር ውስጥ የምትገኝ ሰፊ መሬት ነች። የነጭ ድብ አገር ናት። እናት ድቦች ግልገላቸውን ለመውለድ ከየትኛውም ሥፍራ ይልቅ ተሰብስበው ከሚቆፍሩባቸው ቦታዎች አንዷ እሷ ነች።

ልጅ ያዘለችው ሰፊ

በ1913 የበጋ ወራት ቪልያልሙር ስቴፋንሰን የተባለ አሳሽ የካናዳን መንግሥት ድጋፍ ይዞ ወደ ሰሜን ዘመተ። ዋናዋ መርከቡ ካርሉክ ያረጀች ነበረች፤ ካፒቴኗ ቦብ ባርትሌት። አላስካ ላይ ሲደርሱ ፈረንጆቹ በዚያን ዘመን «ኤስኪሞ» ከሚሏቸው፣ ራሳቸውን ግን ኢኑፒያት ብለው ከሚጠሩት ሰዎች አዳኞች ቀጠሩ። ከእነርሱም አንዱ ኩራሉክ ይባላል። ሚስቱ ኪሩክም አብራ ተሳፈረች። ባል ለአደን፣ ሚስት ለስፌት። ሁለት ሴት ልጆቻቸውንም ይዘው ነበር፦ ስምንት ዓመት ገደማ የሆናት ሔለንና የሦስት ዓመቷ ሙግፒ።

ነሐሴ ሳይጋመስ ካርሉክ በረዶ ውስጥ ተቀረቀረች። መስከረም 20 ቀን ስቴፋንሰን «ለአደን ነው» ብሎ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ ወረደ። ከዚያ በኋላ ነፋስ ተነሣና በረዶው መርከቧን እንደያዘ ወደ ምዕራብ ነዳት። መሪው ወደ መርከቡ አልተመለሰም። ሲሄድ መመለስ አስቦ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ጉዳይ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የአንድ ጉዞ መሪ መርከቡ በበረዶ እንደተያዘች ትቷት ሲወርድ የመጀመሪያ ተጠያቂ ራሱ ነው ብንል ግን ማንንም የበደልን አይመስለንም።

ካርሉክ በጨለማ ስትነዳ ከርማ ጥር 11 ቀን 1914 ሰጠመች። ካፒቴኑ ሸክላ ማጫወቻው አጠገብ እስከ መጨረሻ ቆይቶ የሾፓንን የቀብር ማርሽ አስቀምጦላት ወረደ ይባላል። ፀሐይ በማትወጣበት ክረምት፣ በባሕር ላይ በሚንሳፈፍ በረዶ ላይ፣ 25 ሰዎች ቀሩ። ከእነርሱም አንዲት ሴት ከነሁለት ልጆቿ።

እዚህ ላይ ስለ ስፌቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ነገሩ የጨርቅ ጥገና አይደለምና። በዚያ አገር አንድ ጫማ ከአቆስጣ ቆዳ ተቆርጦ በእንስሳ ጅማት ይሰፋል። ጅማቱ ውሃ ሲነካው ያብጥና መርፌው የበሳውን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ስለዚህ ውሃ አያስገባም። ተራ ክር ይህን አይሠራም። ውሃ የገባበት ጫማ እግር ውስጥ ይበርዳል፤ የበረደ ጣት ይጠቁራል፤ የጠቆረ ጣት ይቆረጣል። በኋላ ደሴቲቱ ላይ የአንዱ ሰው ጣት የተቆረጠው በቆርቆሮ መቁረጫ መቀስ ነበር። ጉዞው ሲሰናዳ በቂ የቆዳ ልብስ አልተያዘም ነበርና ኪሩክ መርከቧ ስትነዳ በነበረበት ወራት ሁሉ ቁጭ ብላ ስትሰፋ ከረመች። ወንዶቹንም አስተማረቻቸው። «አክስት» እያሉ ይጠሯት ነበር።

ከዚያ በኋላ የእግር ጉዞው ነው። በረዶው ሜዳ አይደለም፤ ነፋስና ማዕበል እያጋጨው ቤት የሚያክል ክምር ይሆናል፤ ያንን በመጥረቢያ እየፈለጡ መንገድ ማውጣት ግድ ነው። በዚያ ላይ ደግሞ ይሰነጠቅና በመካከሉ ጥቁር ባሕር ይከፈታል። ቀድመው የወጡ ሁለት ቡድኖች፣ በጠቅላላው ስምንት ሰዎች፣ በዚሁ በረዶ ላይ ጠፉ። የቀሩት 17ቱ መጋቢት 12 ቀን ራንግል ደሴት ላይ ደረሱ። ኪሩክ ሙግፒን በጀርባዋ አዝላ ነበር የመጣችው። የአገራችን እናት ልጅ እንደምታዝለው ዓይነት፣ ግን በቆዳ ካፖርቷ ውስጥ።

ካፒቴን ባርትሌት ካታክቶቪክ የተባለውን ወጣት ኢኑፒያት አስከትሎ በበረዶው ላይ ወደ ሳይቤሪያ አቋረጠ፤ ከዚያም የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ እርዳታ ሊያመጣ ሄደ። ይህ ራሱን የቻለ ታላቅ ታሪክ ነው፣ ተጽፎለታልም። በደሴቲቱ ላይ የቀሩት 15 ሰዎች ግን እስከ መስከረም ጠበቁ። የያዙት ፔሚካን የተባለ፣ የእኛን ቋንጣ ከጮማ ጋር ወቅጠው ያሸጉት የሚመስል ምግብ በሽታ አመጣባቸው። ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ አንደኛው በጥይት። የቀሩት በኩራሉክ ጠመንጃና በኪሩክ መርፌ ከረሙ ማለት ይቻላል። መስከረም 7 ቀን 1914 አንዲት መርከብ ደርሳ 12 ሰዎች አወጣች። ሁለቱም ሕፃናት በሕይወት ነበሩ። አንዲት ድመትም እንዲሁ።

ካፒቴኑ መጽሐፍ ጻፈ። ከተረፉት ሌላም ሰው በሽምግልናው ጻፈ። ኪሩክ አልጻፈችም፤ የጠየቃትም አልነበረም።

50 ዶላር በወር

ስቴፋንሰን ከዚህ ሁሉ በኋላ ራንግል ደሴትን አልተዋትም። ደሴቲቱ ለእንግሊዝ ወይም ለካናዳ ትገባለች የሚል ሐሳብ ነበረው። በ1921 አርክቲክ ለሚያውቅበት ሰው ወዳጅ ነው፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው አይራብም የሚል መጽሐፍ ባሳተመበት ዓመት፣ ሰዎች አስፍሮ ባንዲራ ሊያስተክልባት ተነሣ። ራሱ ግን አልሄደም። አራት ወጣቶች ላከ። አለቃ የተባለው አለን ክሮፎርድ የ20 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ አለቃ የሆነውም የእንግሊዝ ዜጋ እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። ሚልተን ጋሌ 19 ዓመቱ። ሎርን ናይትና ፍሬድ ሞረር አርክቲክን ያውቃሉ፤ ሞረር እንዲያውም ከካርሉክ ተራፊዎች አንዱ ነበር። የያዙት ስንቅ የስድስት ወር ነው። የቀረውን «ወዳጁ» አርክቲክ ይሰጣቸዋል።

የቀረችው የምትሰፋ ሴት ነበረች።

ኤዳ ብላክጃክ በ1898 አላስካ ውስጥ ተወለደች። ኢኑፒያት ናት፤ ያደገችው ግን ኖም በተባለችው ከተማ በሚሲዮናውያን እጅ ነው። ማንበብ፣ የፈረንጅ ምግብ መሥራትና መስፋት ተማረች። ማደን አልተማረችም። ጠመንጃ ይዛ አታውቅም፤ ነጭ ድብ ደግሞ ከሁሉ አብልጣ ትፈራለች። በ16 ዓመቷ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሁለቱ ሞቱባት። ባሏ ይደበድባት ነበር፤ በመጨረሻም ትቷት ሄደ። አምስት ዓመት የሆነውን ልጇን ቤኔትን ይዛ ወደ ኖም 64 ኪሎ ሜትር በእግሯ መጣች፤ ሲደክመው እየተሸከመችው። ልጁ የሳንባ ነቀርሳ ነበረበት። ማሳከሚያ ስላልነበራት ሕፃናት ማሳደጊያ አስገባችው፤ ሰው ቤት እያጸዳችና እየሰፋች ገንዘብ ልታጠራቅም ሞከረች።

በዚህ መካከል ነው አራቱ ወጣቶች እንግሊዝኛ የምትናገር ሰፊ ፍለጋ ኖም የደረሱት። ደመወዙ በወር 50 ዶላር። ለአንድ ዓመት። ሌሎች የኢኑፒያት ቤተሰቦችም አብረው ይሄዳሉ፣ ብቻሽን አትሆኚም ተባለች።

አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ይበል። ለታመመ ልጅ ስትል ውል ተዋውላ ወደማታውቀው አገር የሄደች እናት ታሪክ ለእኛ ማስተርጎም የሚያስፈልገው አይደለም። ቤይሩትና ጅዳ፣ ኩዌትና ዱባይ ያሉ እኅቶቻችን ይህን አንቀጽ ከጸሐፊው በተሻለ ያነቡታል። በውሉ ቀን የተባለውና ከመርከቡ ሲወርዱ የሚገኘው ነገር አለመመሳሰሉንም ያውቁታል።

መስከረም 9 ቀን 1921 መርከቡ ሊነሣ ሲል ከተባሉት ቤተሰቦች አንድም አልመጣም። በመንገድ ሌሎች እንቀጥራለን አሏት። አልቀጠሩም። ኤዳ ከአራት የማታውቃቸው ወንዶችና ቪክ ከተባለች ድመት ጋር ደሴቲቱ ላይ ወረደች። መመለስ አስባ እንደነበር፣ ነገር ግን ልጆቹን ማጉደል ሆኖ እንደተሰማት በኋላ ተናግራለች።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። ናፍቆት ጣላት፤ አለቀሰች፤ መርፌውን አልይዝም አለች። ወጣቶቹ ምን አደረጉ? ምግብ ከለከሏት፤ ባንዲራ የሰቀሉበት እንጨት ላይ አሰሯት። ይህን የጠላት ወሬ አላመጣውም፣ በራሳቸው ማስታወሻ ላይ የሰፈረ ነው። እነዚህ ወጣቶች ክፉዎች ነበሩ ለማለት አንቸኩልም፤ በኋላ ከእሷ ጋር ተስማምተው መኖራቸውም ይታወቃል። ቢሆንም ስለ ሥልጣኔ ባንዲራ ሊተክሉ የመጡ ሰዎች የባንዲራውን እንጨት የተጠቀሙበትን ሌላ ሥራ ሳንጽፍ ማለፍ አይገባም።

በ1922 በጋ መርከብ ይመጣል ተብሎ ተጠበቀ። ቴዲ ቤር የተባለችው መርከብ ተልካ ነበር፤ በረዶው አላሳልፍ አላትና ተመለሰች። ደሴቲቱ ላይ ያሉት ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። አድማሱን እያዩ በጋው አለፈ። ሁለተኛው ክረምት ሲገባ ስንቁ አልቆ ነበር፤ አደኑም ጠፋ። ናይት ታመመ። በሽታው ስከርቪ ነበር፤ ትኩስ ሥጋና አትክልት ያጣ ሰው ድዱ የሚደማበት፣ ጥርሱ የሚነቃነቅበት፣ ጉልበቱ የሚከዳው። በጥር 1923 መጨረሻ ክሮፎርድ፣ ሞረርና ጋሌ ውሾቹን በተንሸራታች ጋሪ ጠምደው በበረዶው ላይ ወደ ሳይቤሪያ ለእርዳታ ወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ ያያቸው ሰው የለም። ሬሳቸውም አልተገኘም።

የቀሩት ኤዳ፣ ከአልጋው የማይነሣው ናይትና ድመቷ ናቸው።

ያቺ ጠመንጃ ነክታ የማታውቀው ሰፊ ከዚያ በኋላ የሠራችውን ሥራ ዘርዝሮ መጨረስ ያዳግታል። ወጥመድ ማጥመድ ራሷን አስተማረች፤ በየካቲት የመጀመሪያውን ነጭ ቀበሮ ያዘች። ባሕር የተፋውን ግንድ እየጎተተች ትፈልጣለች። ለበሽተኛው ታበስላለች፤ እግሩ እንዳይበርድ አሸዋ በከረጢት አሙቃ ታደርግለታለች፤ ከሥሩ ታጸዳለታለች። እሱ ደግሞ ይሰድባታል። አትረዳኝም፣ ልትገድይኝ ነው፣ ባልሽም ያንገላታሽ ወዶ አይደለም ይላታል። በሽታው ነው የሚያናግረው እንበል። ግን ይህን ሁሉ ሰምታ ተመልሳ እንጨት ልትፈልጥ የምትወጣውም ሴት የተራበችና የታመመች ነበረች። ያ በሽታ እሷንም ጀምሯት ዓይኗ አብጦ ነበር።

መጋቢት ላይ ማስታወሻ መጻፍ ጀመረች፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ አጭር አጭር። አብዛኛው ምን እንዳጠመደች፣ ምን እንደሰፋች ነው። አንድ ቀን ግን ኑዛዜ ጻፈች። ብሞት ልጄን እኅቴ ታሳድግልኝ፣ ለአባቱ እንዳይሰጥ የሚል ነው።

ሰኔ 23 ቀን 1923 ናይት ሞተ። ኤዳ በጋሌ የጽሕፈት መኪና ቀኑን መዘገበች። ልትቀብረው አቅም አልነበራትም። አውሬ እንዳይደርስበት ሣጥኖች ከበበችበትና እሷ ወደ ሌላ ድንኳን ወጣች።

ሁለት ወር ገደማ ብቻዋን ኖረች። ድቦቹን ከሩቅ ለማየት ከግንድ የመጠበቂያ ማማ ሠራች፤ እንደ አገራችን የማሽላ ጠባቂ ማማ መሆኑ ነው። ጠመንጃውን ተኝታ በእጇ እንድታገኘው ከራስጌዋ በላይ ማስቀመጫ አበጀችለት። ወፍ መተኮስ ለመደች፤ ቀጥላም አቆስጣ ገደለች። ጀልባ ሠራች፤ ማዕበል ወሰደባት፤ ሌላ ሠራች። ከሬንዲር ቆዳ ካፖርት ሠራች። የወጣቶቹን ካሜራ አስተካክላ ራሷን ፎቶግራፍ አነሣች። መጽሐፍ ቅዱሷን ታነብ ነበር። ያ ሁሉ ሲሆን የምታዋራት ድመቷ ቪክ ብቻ ነበረች።

ነሐሴ 20 ቀን ዶናልድሰን የተባለች መርከብ መጣች። ኤዳ ከክሮፎርድና ከጓደኞቹ ጋር የመጣች መስሏት ወደ ባሕሩ ዳር ሮጠች። የመርከቡ ሰዎች መሪ ሃሮልድ ኖይስ ደግሞ ሦስቱን ደሴቲቱ ላይ አገኛቸዋለሁ ብሎ ነበር የመጣው። አንዱ ሌላውን ስለ ሦስቱ ሲጠይቅ ነው ሁለቱም ምን እንደሆነ የገባቸው።

ወሬው የማን ነው?

ጋዜጦች «ሴቷ ሮቢንሰን ክሩሶ» አሏት። እሷ ጀግና መባሉን አልወደደችውም፤ ጋዜጠኛም ስትሸሽ ኖረች። የተከፈላት ገንዘብ ከጠበቀችው ያነሰ ነበር። ያም ሆኖ ቤኔትን ከማሳደጊያው አወጣች፣ ሲያትል ወስዳም አሳከመችው። የሄደችበት ጉዳይ ያ ነበርና።

ትርፉ ለሌሎች ሆነ። ኖይስ ከደሴቲቱ ያመጣቸውን ማስታወሻዎች ይዞ ታሪኩን ለጋዜጦች ሸጠ። ስቴፋንሰንም በ1925 በዚሁ ጉዞ ላይ መጽሐፍ አሳተመ። ይባስ ብሎ ኖይስ በ1924 ነገሩን አዙሮ፣ ናይት የሞተው ኤዳ ስላልረዳችው ነው የሚል ክስ በጋዜጣ አወጣ። አምስት ወር ገደማ የሰው ሕመም ያስታመመች ሴት ነፍሰ ገዳይ ልትባል ምንም አልቀራት። ሴት፣ ድሃ፣ ኢኑፒያት፣ መልስ የምትሰጥበት ጋዜጣ የሌላት። እንዲህ ዓይነቱን ሰው መወንጀል ምን ያህል ቀላል እንደሆነ በሰው አገር የኖረ ሰው ያውቀዋል። የቆሙላት ያልተጠበቁ ሰዎች ነበሩ፦ የሟቹ የናይት ወላጆች። ኤዳ ሄዳ አግኝታቸው ልጃቸው እንዴት እንደሞተ ነግራቸው ነበር። አመኗት፤ ማመናቸውንም በአደባባይ ተናገሩ።

ደሴቲቱስ ለማን ሆነች? ኖይስ ኤዳን ሲያወጣ አንድ አሜሪካዊና ከአሥር የሚበልጡ ኢኑፒያት በቦታዋ አስፍሮ ሄዶ ነበር። በ1924 «ቀይ ጥቅምት» የተባለች የሶቪየት መርከብ መጥታ ሁሉንም ጭና ባንዲራውን አወረደች። እንግሊዝም ካናዳም አልተከራከሩም። ራንግል ዛሬ የሩሲያ የዱር አራዊት ክልል ናት፤ ከ2004 ጀምሮም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። አራት ወጣቶች የሞቱለት ጉዳይ ሦስት ዓመት አልቆየም።

ኤዳ ወደ አላስካ ተመልሳ ዳግም አገባች፣ ቢሊ የተባለ ልጅ ወለደች፣ ተፋታች። ድህነቱ አልለቀቃትም፤ ልጆቿን እንደገና ለብዙ ዓመታት ማሳደጊያ ማስገባት ግድ ሆኖባት ነበር። በኋላ ግን አወጣቻቸው። ያን ጊዜ ማጥመድን ታውቅ ስለነበር በማጥመድም ኖራለች። ቤኔት፣ የሳንባ ነቀርሳ ይገድለዋል የተባለው ልጅ፣ እስከ 1972 ኖረ። እሷ በግንቦት 1983 በ85 ዓመቷ አረፈች፤ ከቤኔት ጎን ተቀበረች። መቃብሯ ላይ የራንግል ደሴት ጀግና የሚል ሰሌዳ የተለጠፈው ቢሊ ጠይቆ ነው። ስለ እሷ የተሟላ መጽሐፍ የወጣው ከሞቷ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2003 ነው፤ የጻፈችውም አሜሪካዊቷ ጄኒፈር ኒቨን ናት።

የኪሩክ ልጅ ሙግፒ፣ በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና የቀዘቀዘውን ባሕር ያቋረጠችው፣ በኋላ ሩት ማክፒ ኢፓሉክ ተብላ አላስካ ውስጥ አገባች፣ ወለደች፣ ልጅ ልጆች አየች። በ2008፣ በ97 ዓመቷ አረፈች። ከካርሉክ ሰዎች ሁሉ የመጨረሻዋ ነበረች።